የጋራ ኮርስ ዳኛው ማን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ሎጂክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አካዳሚክ ኮሚሽኑ፣ የኮሌጁ የትምህርት ጉዳይ ጉባኤ፣ ተሰብስቦ ነበር። ዲኑ አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ሎጂክና አንትሮፖሎጂ፣ ሁለት ሴክሽን ተቀላቅሎ፣ በአንድ መምህር፣ በአምስት ቅዳሜ ይለቁ አሉ። የሚተርፈው ክፍልና የመምህር ሰዓት ለመውጫ ፈተና ቱቶሪያል ይውላል ተባለ። ከ11 አባላት 8ታችን ተቃወምን። የአንትሮፖሎጂው መምህር ከኮምቦልቻ እየተመላለሰ በሰዓት ስለሚያስተምር የኮሚሽኑ አባል አይደለም፤ አልተጠራምም። ዲኑ ‹የእናንተ ድምፅ ምክር ነው፣ ውሳኔው የማኔጅመንት ነው› ብለው ስብሰባውን ዘጉት። እውነት ምክር ነው? እንደነዚህ ባሉ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን ነው? ወይስ ዝም ብል ይሻለኛል? ኮንትራቴ በሰኔ ያልቃል።»

እህቴ፣ ስምንት ለሦስት አሸንፋችሁ ተሸነፋችሁ ማለት ነው። አይግረምሽ። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ስንቴ እንደተቀመጥኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ብዙ ጊዜ ካንቺ ወገን ነበርኩ። አንዴ ግን፣ ልደብቅሽ አልፈልግም፣ ከዲኑ ጎን ነበርኩ። እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ዲኑ ያሉትን እንየው። ግማሹ እውነት ነው። በቀረው ግማሽ ውስጥ ግን እሳቸው ራሳቸው ያላዩት ጣጣ አለ።

በጋራ ኮርስ ላይ ያለው ሥልጣን አንድ ቦታ አልተቀመጠም፣ ተከፋፍሏል። ተማሪው ምን ይማር የሚለው በአገር ደረጃ ተወስኗል። መቼ፣ የት፣ በማን የሚለው ኮሌጁ ውስጥ ይወሰናል። በሩ ተዘግቶ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ደግሞ ያንቺ ነው። ጭቅጭቅ የሚነሳው አንዱ የሌላውን ድርሻ ሲነካ ነው። ዲናችሁ ፕሮግራም ማውጣት መብቴ ነው ብለው ነው የገቡበት። መብታቸው ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ግን የነኩት ፕሮግራሙን ብቻ አይደለም። ሒሳቡን ትንሽ ቆይተን እንሠራዋለን።

ኮርሶቹ ከየት መጡ? አንቺ ወጣት ስለሆንሽ ፍሬሽማን፣ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ሁሌም የነበረ ሊመስልሽ ይችላል። ድሮ ነበረ። ከዚያ ጠፋ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑ። የፍሬሽማኑ ሥራ ወደዚያ ወረደ፤ አብዛኛው ዲግሪም ሦስት ዓመት ሆነ። እያደር መሰናዶው ሸክሙን አልቻለውም የሚለው ቅሬታ በዛ። የትምህርት ፍኖተ ካርታው ጥናት በ2010 ሲቀርብ ዲግሪው ወደ አራት ዓመት ይመለስ፣ የመጀመሪያው ዓመትም የጋራ ኮርስ ይሁን ብሎ መከረ። በ2012 ተጀመረ። ሎጂክ፣ ጀነራል ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሒሳብ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ሥራ ፈጠራ… ዝርዝሩን ታውቂዋለሽ። ሞጁሎቹ በያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በኩል ለአገሩ ሁሉ አንድ ሆነው ወጡ። የመጀመሪያው ባች ዓመቱን ሳይጨርስ በመጋቢት ኮሮና መጣና ሁሉም ወደ ቤቱ ተበተነ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ2014 ጦርነቱ ደጃፍ ላይ አልቆመም፣ ገብቶ ነው የወጣው። እዚህ አካባቢ የጋራ ኮርስ ተረጋግቶ ሥር የሚሰድበት ጊዜ ብዙም አላገኘም።

ታሪኩን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። እነዚህ ኮርሶች ከላይ ነው የመጡት። እኛ መምህራኑ አልጻፍናቸውም፣ አልተሟገትንባቸውም፣ ድምፅ አልሰጠንባቸውም። ስለዚህ ሲነኩ የእኔ ተነካ የሚል ሰው የለም። የአካውንቲንግ ኮርስ ቢነካ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብድግ ብሎ ይጮሃል። ሎጂክ ሲነካ ማን ይጮሃል? አብዛኛው የግል ኮሌጅ ውስጥ የፍልስፍና ትምህርት ክፍል የለም። አንትሮፖሎጂን የሚያስተምረው ሰው ጭራሽ የኮሚሽኑ አባል እንኳ አይደለም። ራስሽ ነግረሽኛል።

ቅሬ ታውቂያለሽ መቼም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ማለቴ ነው። ቅሬ ለምን እንደማይፈርስ አስበሽ ታውቂያለሽ? ሰው ሁሉ ደግ ስለሆነ አይመስለኝም። ዳኛ አለው። መዝገብ አለው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ የተቀጣውም ይጻፋል። የሁሉም የሆነ ነገር የሚቆየው አንድ ተጠያቂ ሰው ሲኖረው ነው። የጋራ ኮርሶቻችን ያለ ዳኛ የቀረ ቅሬ ናቸው። ሁሉም አባል ነው፣ ለቀብር ግን ማንም አይወጣም።

በዚህ ላይ የመውጫ ፈተናውን ጨምሪበት። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚወጣው በዋናነት ከሙያው ኮርሶች ነው። ገና በመጀመሪያው ዙር የግል ተቋማት ውጤት ከመንግሥቶቹ እጅግ ዝቅ ብሎ ታየ፣ ከተማው ሁሉ አወራበት። አንቺ ዲን ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እኔ እንጃ። ወላጅ መጥቶ ልጄ ስንት አመጣች እንጂ ልጄ የተሳሳተ ሙግት መለየት ቻለች ወይ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ከማይፈተነው ተቆርሶ ለሚፈተነው ይሰጣል። ዲናችሁ ክፉ ሰው ናቸው ማለት አይደለም። የተያዙበት ነገር አላቸው። ይህንን መጀመሪያ ካላመንሽላቸው የቀረውን አይሰሙሽም።

አሁን ወደ ሕጉ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ቁጥር 1152/2011 ነው፤ የመንግሥቱንም የግሉንም ይገዛል። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ፣ ፕሬዚዳንት፣ ሴኔት እያለ እርከኑን ያስቀምጣል። የግል ተቋም ውስጣዊ አስተዳደሩን በአብዛኛው የሚያገኘው ከራሱ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ሌጅስሌሽን የምንለው ማለት ነው። የናንተን አንብበሽዋል? አብዛኞቻችን ስንቀጠር እንቀበለዋለን፣ መሳቢያ ውስጥ እናስገባዋለን፣ ስንለቅ እንመልሰዋለን። ነገ አውጪው። የአካዳሚክ ኮሚሽን ሥልጣንና ተግባር የሚለውን ክፍል ፈልጊ። እዚያ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ግሶቹን ብቻ እይ። «ያጸድቃል» ይላል? «ይወስናል» ይላል? ወይስ «የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል» ነው የሚለው? የጥያቄሽ መልስ እነዚያ ግሶች ላይ አለ። ብዙ ደንቦች ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተገለበጡ ስለሆኑ «ያጸድቃል» የሚል ብታገኚ አይግረምሽ። ያን ጊዜ ዲኑ ያሉት ስህተት ይሆናል፣ በገዛ ደንባቸው። «የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል» ካለ ደግሞ ድምፃችሁ በእርግጥም ምክር ነው። ያም ቢሆን ነገሩ እዚያ ላይ አያልቅም።

ሒሳቡን እንሥራ። ሎጂክ 3 ክሬዲት ነው፤ በሳምንት 3 ሰዓት ማለት ነው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ነው ብንል 48 ሰዓት ይሆናል። አንትሮፖሎጂ 2 ክሬዲት ነው፤ 32 ሰዓት። ተደምሮ 80። 80 ሰዓት ለአምስት ቅዳሜ ሲካፈል በቀን 16 ሰዓት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ማታ 4 ሰዓት ማለት ነው። ያለ ምሳ። ያለ ሻይ። ደሴ መናኸሪያ የመጀመሪያው ታክሲ ሲወጣ ጀምረሽ ከተማው ሲተኛ ትጨርሻለሽ።

ይህንን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊው። አምስት መስመር አይሞላም። ስብሰባው ላይ ስምንታችሁ «ጥራት ይጎዳል» ብላችሁ እንደተናገራችሁ ከዚህ ሆኖ ይታየኛል። ጥራት ይጎዳል ያልተባለበት ስብሰባ የለም፣ ሰሚውም ለምዶታል። 16 ሰዓት የሚለውን ግን የለመደ የለም።

ዲኑ የሚመልሱት ይታወቃል። «የቀረውን ሞጁሉን ቤታቸው ያነቡታል» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ሳያውቁት የሰውን ድርሻ የነኩት። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ሲሰጥ በፕሮግራም፣ በካምፓስ፣ በአሰጣጥ ዓይነት ለይቶ ነው። የመደበኛ ፈቃድ ለብቻው፣ የርቀት ፈቃድ ለብቻው። ክፍል ውስጥ ይሰጣል ተብሎ የተመዘገበ 80 ሰዓት ሃምሳው ቤት ከተወሰደ ተማሪው የተመዘገበበት ነገር እየተቀየረ ነው። በፈቃዱ ሰነድ ላይ የገባው ሥርዓተ ትምህርት አንድ ነገር እያለ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ሌላ ከሆነ፣ ኢንስፔክሽን ሲመጣ መልስ የሚሰጠው ዲኑ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ባለቤቱም ቢሆኑ ይህን ቢሰሙ ደስ አይላቸውም። ማስፈራሪያ አድርገሽ አታቅርቢው፤ ለሳቸው የሚጠቅም ማሳሰቢያ አድርገሽ አቅርቢው። ነውም።

አሁን የራሴን ልናገር። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ክረምት። የደሴ ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ውጭው አይታይም። የነበርኩበት ተቋም አካዳሚክ ኮሚሽን ላይ እኔ ጸሐፊ ነኝ። አራት አጀንዳ አለ። አራተኛው «ልዩ ልዩ» ነው። ሦስተኛው ላይ ስንጨቃጨቅ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሆነ። ሰው ጃኬቱን መልበስ ጀምሯል። ሰብሳቢው በልዩ ልዩ ሥር አንዲት ወረቀት አወጡ። የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ኮርስ ከሳምንት ሦስት ሰዓት ወደ ሁለት ይውረድ ይላል። አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት እጇን አወጣች። «ሰዓት ሄደ፣ በሚቀጥለው» አሏት። የሚቀጥለው የሚባለው ስብሰባ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ዝም አልኩ። ቤቴ ሩቅ ነበር፣ ዝናቡም እየመጣ ነበር። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሰፊው ከተወያየን በኋላ በስምምነት ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ሰፊው ውይይት የጃኬት ዚፕ ለመዝጋት የሚወስደውን ያህል ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የመመረቂያ ጽሑፎች መጡልኝ። አንቀጽ ከአንቀጽ አይያያዝም። ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተቀዳው ቦታ ላይ ብቻ ነው ዓረፍተ ነገሩ የሚቃናው። ተናደድኩ። ሰዓቱ ይመለስ ብዬ ለመሟገት ማስረጃ ፍለጋ ያንን ቃለ ጉባኤ ገለጥኩት። የተቃወመ አለ አይልም። ያቺ መምህርት እጇን ማውጣቷ የለም። ምክንያት የለም። «በስምምነት» ይላል። በገዛ እጅ ጽሑፌ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ያለፈው ሳምንት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ምን ይላል? አይተሽዋል? 8 ለ3 የሚለው ቁጥር አለበት? የተቃወማችሁበት ምክንያት አለበት? ድምፅ ብቻውን ትንፋሽ ነው፣ ከአፍ ከወጣ ጠፋ። ምክንያቱ የተጻፈ ድምፅ ግን ምክር ቢሆንም ይሠራል። ያንን ምክር ያልተቀበለ ሰው ለምን እንዳልተቀበለ አንድ ቀን ይጠየቃልና።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካኖቹ ሲጣሉበት የኖሩበት ነገር ነው። የፕሮፌሰሮቹ ማኅበር በፈረንጆቹ 1966 ባወጣው መግለጫ ሥርዓተ ትምህርት በመጀመሪያ ደረጃ የመምህራን ኃላፊነት ነው አለ። ቦርዱ የመጨረሻ ሥልጣን ቢኖረውም የመምህራኑን ውሳኔ የሚሽረው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲሽርም ምክንያቱን ለመምህራኑ መናገር አለበት አለ። ልብ በይ፣ አትሻሩ አላለም። ምክንያታችሁን ተናገሩ ነው ያለው።

እሱም ቢሆን ወረቀት ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ከሃያ በላይ ኮሌጆች ያሉት ትልቅ ተቋም ነው። ተማሪ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ሲዛወር የወሰደው ኮርስ አይያዝለትም ነበር። ጊዜውም ገንዘቡም ይባክናል። ቦርዱ በፈረንጆቹ 2011 የጠቅላላ ትምህርቱን አንድ ወጥ አደረገው። ለሁሉም 30 ክሬዲት የጋራ ሆነ፤ ለባችለር ዲግሪ ደግሞ ኮሌጁ ራሱ የሚጨምረው እስከ 12 ክሬዲት ተተወ። በ2013 ሥራ ላይ ዋለ። መምህራኑ ተነሱ። እንግሊዝኛ ጽሕፈት አራት ሰዓት የነበረበት ቦታ ወደ ሦስት ይውረድ ተባለ፣ ሳይንሱ ከነላብራቶሪው ሦስት ክሬዲት ውስጥ ይጠቅጠቅ ተባለ ብለው ጮኹ። ኩዊንስቦሮ በሚባለው ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ሦስት ሰዓቱን አንቀበልም ብሎ ድምፅ ሰጠ። አስተዳደሩ እንግዲያው ኮርሱን እናጥፈዋለን፣ በሰዓት የሚያስተምሩትንም አናስቀጥልም የሚል ደብዳቤ ላከ። ነገሩ አደባባይ ወጥቶ ጉድ ሲባል ይቅርታ ጠየቀ። ትንሽ ቆይቶ በመምህራን ማኅበሩ ምርጫ ድምፅ ከሰጡት 92 በመቶው በአዲሱ አሠራር አንተማመንም አሉ። ፍርድ ቤትም ሄዱ። ፍርድ ቤቱ ሥልጣኑ የቦርዱ ነው አላቸው። አሠራሩ ቀጠለ።

ከዚህ ወሬ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። 92 በመቶ ድምፅም ምክር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ግን ይበልጥብኛል። ቦርዱ እውነተኛ ምክንያት ነበረው። የሚዛወረው ተማሪ በእርግጥ እየተጎዳ ነበር። መምህራኑም ለዓመታት ችግሩን እያዩ በራሳቸው አልፈቱትም። ቤቱን ያላጸዳ ሰው ሌላ ሰው መጥረጊያ ይዞ ሲገባበት ቢቆጣ ማን ይሰማዋል?

ቴክሳስ ደግሞ በቅርቡ፣ በፈረንጆቹ 2025፣ ነገሩን በሕግ ጨረሱት። የመምህራን ሴኔት አማካሪ ብቻ ነው፣ በምንም ጉዳይ የመጨረሻ ውሳኔ አይሰጥም የሚል ሕግ ወጣ። የጠቅላላ ትምህርቱንም ቦርዱ በየጊዜው ይመረምራል። ዲናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሉትን እነሱ ሕግ አድርገው አጸደቁት።

አንድ ጊዜ ክፍልሽ እንግባ። ስለ ሰዓት የምከራከረው ለሰዓት ብዬ አይደለም። የሎጂክ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ የሚገባው መቼ እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ አይደለም። አንድ ጊዜ የተሳሳቱ ሙግቶችን ሳስተምር ተማሪ ሁሉ እየጻፈ ነበር፤ ማንም ቀና አላለም። ከኮምቦልቻ የሚመላለስ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ። «መምህር፣ ረዳቱ ‹ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ ቀረ› ሲል ይሄ የትኛው ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ያውቀዋላ! ትገቢያለሽ፣ ሦስት ወንበር ባዶ ነው። ከዚያ እያንዳንዳቸው ጀመሩ። አንዷ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ የሰማችውን የሾፌር ክርክር አመጣች። ሌላው የሰኞ ገበያ ነጋዴን። «ሁሉም ይህን ጫማ ነው የሚገዛው» የሚለውን። አንዱ ደግሞ፣ ጎበዝ ነው፣ እኔ ራሴ ባለፈው ሳምንት ያልኩትን አወጣብኝ። «ፈተናው ከባድ ይሆናል፣ ያለፈው ዓመት ተማሪ ሁሉ ነግሯችኋል» ብዬ ነበር። ይህ ሁሉ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሞጁሉ ላይ ግማሽ ገጽ ነው።

ይህ ነገር አንድ መቶ ሃያ ሰው በተቀላቀለበት ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስምንተኛው ሰዓት ላይ አይከሰትም። ኋላ የተቀመጠው ልጅ እጁን ቢያወጣም አታይውም።

የአንትሮፖሎጂውም እንደዚያው ነው። ወሎ ውስጥ አንትሮፖሎጂን በንባብ ብቻ መስጠት ግፍ ይመስለኛል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ ያለው ተማሪ ክፍሉን ሞልቶታል። ስለ ባህልና ማንነት የተጻፈውን ምዕራፍ አንብቦ ፈተና ከሚመልስ ይልቅ የገዛ ሰፈሩ ቅሬ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቆ ሁለት ገጽ ቢጽፍ የሚማረው ይበልጣል። ለዚያ ግን ሄዶ የሚጠይቅበት ሳምንት ያስፈልገዋል። አምስት ቅዳሜ ውስጥ ሳምንት የለም።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? ውድቅ ይሁን ብለሽ ብቻ አትመለሺ። የናንተ ስምንት ድምፅ «አይሆንም» ነበር። ዲኑ ግን አሁንም ክፍል ይጎድላቸዋል፣ አሁንም የመውጫ ፈተና አለባቸው። ሌላ ሐሳብ ስጫቸው። ለምሳሌ ሌክቸሩን አቀላቅሉት፤ አንድ መምህር ሁለቱን ሴክሽን አንድ ላይ ያስተምር። በሳምንት አንድ ሰዓት ግን ለየሴክሽኑ የውይይት ሰዓት ይቀመጥ። ሎጂክ 3 ሰዓት ከሆነ 2ቱ የጋራ፣ 1ዱ የተለየ። ለሁለት ሴክሽን 6 የነበረው የመምህር ሰዓት 4 ይሆናል። 2 ሰዓት ተረፈ። አንትሮፖሎጂም 1ዱ የጋራ፣ 1ዱ የተለየ ቢሆን 4 የነበረው 3 ይሆናል። በሳምንት 3 ሰዓት ለቱቶሪያል ተገኘ ማለት ነው፣ የተማሪው 80 ሰዓትም አልተነካም። ፍጹም አይደለም። እኔ ብሆን ጭራሽ ባይቀላቀል እመርጣለሁ። ግን ይህን የመሰለ ወረቀት ፊታቸው የተቀመጠ ዲን «ምክር ነው» ብሎ መነሳት ይከብደዋል።

የውይይት ሰዓቱ ላይ የመውጫ ፈተናን ሥራ መሥራትም ይቻላል። በሌላ ኮሌጅ ያለ ወዳጄ የሎጂክ ተማሪዎቹን ያለፉ የምርጫ ጥያቄዎች እያመጣ «ይህ አማራጭ ለምን ስህተት ሆነ?» እያለ ያከራክራቸው ነበር። ተማሪው የሚሳሳተው ጥያቄውን ባለማንበብ መሆኑን የሚያይ የሙያ መምህር ሁሉ ይህን ይወድልሻል። የአካውንቲንጉን ኃላፊ አሁን ካንቺ ጎን አሰለፍሽ ማለት ነው።

የኮርሱን ዳኛም ጠይቂ። ትልቅ ነገር አይደለም። የጋራ ኮርሶች አስተባባሪ የሚባል አንድ ሰው ይሰየም፣ የኮሚሽኑ አባል ይሁን፣ በሰዓት የሚያስተምሩት የሚሉትን ይዞ ይግባ። ለዚህ የደመወዝ ጭማሪ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ አንድ ወንበርና አንድ ድምፅ ነው።

አጀንዳውንም ችላ አትበይው። በልዩ ልዩ ሥር እንዳይገባ አስቀድመሽ በጽሑፍ ለጸሐፊው ስጪ፣ ተራ ቁጥሩ 1 ወይም 2 እንዲሆን ጠይቂ። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ 8 ለ3 የሚለው ከሌለ «ይስተካከል» በይ። ያንን ማለት ጠብ አይደለም፣ የአባል መብት ነው። እንደገና ከተሸነፋችሁም «የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብልኝ» በይና አንድ አንቀጽ አስጽፊ።

ኮንትራትሽን ረስቼው አይደለም። የመጨረሻ ጥያቄሽ እሱ ስለሆነ ከሁሉም በላይ ያሳሰበሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ብቻሽን አትፈርሚ። ስምንታችሁ ናችሁ፤ ወረቀቱ የስምንታችሁ ይሁን፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው። ቢቻል ከስምንቱ ውስጥ ቋሚ የሆነ፣ ሰው የሚያከብረው አንድ ነባር መምህር ያቅርበው። አንቺ ሒሳቡን ሥሪ። ከስብሰባው በፊትም ዲኑን ቢሯቸው ሄደሽ አሳዪአቸው። ሰው ፊት የተነገረው ያሸማቅቃል፤ ቢሮ የተነገረው ግን «እኔም እኮ አስቤው ነበር» የሚል መውጫ ይሰጣቸዋል። ቢሉሽ እሺ በይ፣ እሳቸው አስበውት ነበር። ይህን ሁሉ አድርገሽ በሰኔ ኮንትራትሽ አይታደስም ብዬ አልምልልሽም፣ ይታደሳልም አልልሽም። ሰው ቤት ያለ ነገር ነው። ዝም ብትዪ ይታደሳል የሚል ዋስትናም ግን ያለሽ አልመሰለኝም። ሁለት ሴክሽን አንድ ሲሆን ከሁለት መምህር አንዱ ይተርፋላ። ዝምታው ራሱ ሥራሽን ይነካል።

ከሁሉም በፊት ግን ያንን የአንትሮፖሎጂ መምህር አግኚው። ስልክ አይበቃም። ቅዳሜ ሐረጎን ውረጂና ኮምቦልቻ ቡና ጠጡ። በአምስት ቅዳሜ ሁለቱንም ኮርስ ያስተምራል የተባለው «አንድ መምህር» እሱ ይሁን አንቺ እስካሁን የነገራችሁ የለም።